ስለ ሁለቱ የፊልም ሐያስያንና ስለ ክርክራቸው ታሪክ

ከአዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ በስተደቡብ ባለው በቦሌ ቡልቡላ፥ እንደ ሌላውም የከተማው ሰፈር ሁሉ፥ ፊልም ማየት ከአደባባይ ነገርነት ይልቅ የቤት ነገር እየሆነ መጥቷል። ታሪኩ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ሲዘረዘር ከቤተ ሰቡ አንዱ «ደግ ነው» ሌላው «ከንቱ ነው» ማለቱ አይቀርም፤ ከዚያም ክርክር ይነሣል፥ ክርክሩም አንዳንድ ጊዜ ከፊልሙ ይልቅ ይጣፍጣል። ይህንኑ የቤት ክርክር ወደ አደባባይ አውጥቶ ብዙ ሚሊዮን ሕዝብ እንዲሰማው ያደረገ አንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት በአሜሪካ ነበረ። የዝግጅቱም ታሪክ ከጥንት ጀምሮ ሙግት ወዳድ ለሆነው ለኢትዮጵያ ሰው ፈጽሞ እንግዳ ነገር አይደለም።

በቺካጎ ከተማ እርስ በርሳቸው የሚፎካከሩ ሁለት የታወቁ ጋዜጦች አሉ። ሳን ታይምስ የተባለው ሮጀር ኤበርትን ከ1967 ጀምሮ፥ ትሪቢዩን የተባለው ደግሞ ጂን ሲስክልን ከ1969 ጀምሮ የፊልም ሐያሲ አድርገው ሾሟቸው። (የውጭ አገሩ ዘመን በአውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፈ ነው፤ የኢትዮጵያው ግን ዓ.ም. በሚለው ይለያል።) ኤበርት ከኢሊኖይ ገጠር ከኧርባና ከተማ የመጣ፥ ብዕሩ ፈጣን የሆነ ሰው ነበረ፤ በ1975ም ፑሊትዘር የተባለውን ታላቅ የጋዜጠኞች ሽልማት ከፊልም ሐያስያን ወገን መጀመሪያ የተቀበለ እርሱ ነው። ሲስክል የቺካጎ ተወላጅ ሲሆን በየል ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና የተማረ ነበረ። ሁለቱም አንድ ፊልም በአንድ ቀን አይተው በማግሥቱ በየጋዜጣቸው ይጽፋሉ። አንዱ የሌላውን ጽሑፍ የሚያነበው በምን እንደ በለጠው ለማወቅ ነበረ እንጂ ሊመሰገንበት አልነበረም፤ በመንገድ ቢገናኙም ከሰላምታ የሚያልፍ ብዙ ንግግር አልነበራቸውም።

እነዚህን ሁለት ባላንጣዎች በ1975 በአንድ መድረክ ያስቀመጣቸው የቺካጎ የሕዝብ ቴሌቪዥን ጣቢያ ነው። ዝግጅቱ በመጀመሪያ በወር አንድ ጊዜ ብቻ የሚታይ ነበረ። ቲያ ፍሎም የተባለች አዘጋጅ ነገሩን በእጇ ከያዘች በኋላ መልክ አወጣችለት፤ መድረኩም የሲኒማ ቤት ሰገነት እንዲመስል ተሠርቶ ሁለቱ ሰዎች በሰገነቱ ላይ በመካከላቸው መተላለፊያ አድርገው ጐን ለጐን ተቀመጡ። አንዱ ወፍራምና ባለ መነጽር፥ ሌላው ረዥምና ራሰ በራ ነበረ፤ በዚያ ዘመን በቴሌቪዥን ከሚፈለገው የመልክ ውበት ከሁለቱም ዘንድ ብዙ አልተገኘም። ደግሞም በየሳምንቱ ለከፋው ፊልም መነሻ የምትሆን አንዲት ውሻ ወደ መድረኩ ትገባ ነበረ፤ ይህ ለሳቅ የተጨመረ ነገር ነው። የማን ስም ይቅደም የሚለውም ጠብ ሳንቲም ተጥሎ ለሲስክል ስለ ወጣለት፥ ሁለቱ በአንድነት «ሲስክልና ኤበርት» ተብለው ተጠሩ እንጂ «ኤበርትና ሲስክል» አልተባሉም።

ሥርዓቱም እንዲህ ነበረ። አንዱ ስለ አንድ አዲስ ፊልም ይናገራል፥ ከፊልሙም ቍራጭ ተወስዶ ለተመልካች ይታያል። ከዚያ በኋላ ሌላው ተነሥቶ ይስማማል ወይም ይቃወማል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሁለቱ ሰዎች ካሜራው ፊት ከመቀመጣቸው በፊት ስለ ፊልሙ ምን እንዳሰቡ እርስ በርሳቸው አለመነጋገራቸው ነው። ስለዚህ አንዱ የሌላውን ፍርድ የሚሰማው ተመልካቹ በሚሰማበት ሰዓት ነበረ፤ ቍጣውም መደነቁም ተጠንቶ የመጣ አልነበረም።

የኢትዮጵያን የዱሮ ሙግት ያነበበ ወይም ከአባቶቹ የሰማ ሰው የዚህን ሥርዓት ጥቅም ወዲያው ያስተውላል። በዙፋን ችሎት አስተያየት የሚሰጠው ከታናሹ ጀምሮ ወደ ታላቁ እየወጣ ነበረ፤ ይህም ታናሹ የታላቁን ቃል ቀድሞ ሰምቶ ሐሳቡን እንዳይለውጥ የሚጠብቅ ነበረ። በመንገድ ዳር እንኳ ሳይቀር ባለጉዳዮች መንገደኛውን ሽማግሌ አስቁመው ዳኛ ያደርጉታል፤ «ተጠየቅ» «ልጠየቅ» እየተባባሉ፥ በማርና በበቅሎ እየተወራረዱ፥ ነገሩን በሕዝብ ፊት ይዘረግፉታል። በዙሪያው የቆመው ሰው ፍርዱን ብቻ ሳይሆን የንግግሩን አወጣጥ፥ የማስረጃውን አቀራረብ፥ የመልሱን ፍጥነት እየመዘነ ይሄዳል። ለቤቱም ይዞት የሚሄደው ፍርዱን ሳይሆን ሙግቱን ነው። የቺካጎው ሰገነት ከዚህ የሚለየው ማስረጃው ሥዕል በመሆኑ ነው፤ ተመልካቹ ሁለቱ የሚጣሉበትን ነገር በዓይኑ አይቶ ራሱ ሦስተኛ ዳኛ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ክርክር በቺካጎ አልተጀመረም። በፓሪስ ከ1955 ጀምሮ «ጭምብልና ብዕር» የሚል ስም ያለው የራዲዮ ዝግጅት ሐያስያንን በተመልካች ፊት ሰብስቦ ስለ ቴአትር፥ ስለ መጻሕፍትና ስለ ፊልም ያከራክር ነበረ፤ በዚያም ዣን ልዊ ቦሪና ዦርዥ ሻራንሶል የተባሉት ሁለቱ ሰዎች እርስ በርሳቸው በመዘላለፍ ስማቸውን አስጠሩ። በአውስትራሊያም ማርጋሬት ፖመራንዝና ዴቪድ ስትራተን ከ1986 እስከ 2014 ድረስ፥ በመካከሉ ከአንድ ጣቢያ ወደ ሌላ ጣቢያ ተሻግረው፥ በአንድነት ሲከራከሩ ኖረዋል። ቺካጎ ግን የሁሉ ምሳሌ ሆና የቀረችው ሁለቱ ሰዎች በእውነት የማይዋደዱ በመሆናቸው፥ ኋላም ሳይታወቃቸው በመዋደዳቸው ነው።

ከክርክራቸው ሁሉ ብዙ ጊዜ የሚነሣው የ1987ቱ ነው። በዚያ ሳምንት ስታንሊ ኩብሪክ ስለ ቬትናም ጦርነት የሠራው «ፉል ሜታል ጃኬት» የተባለው ፊልምና ስለ ቤንጂ ስለ ትንሹ ውሻ የተሠራ የልጆች ፊልም በአንድነት ቀረቡ። ኤበርት የታላቁን ሠሪ ፊልም ጥሎ የውሻውን አነሣ። ሲስክል በዚህ ነገር እጅግ ተገረመ፤ ለውሻው ምሥጋና ለኩብሪክ ነቀፋ ሰጠህ ብሎም ወቀሰው። ኤበርትም ፍርዱ እያንዳንዱን በየወገኑ የሚመዝን እንጂ ውሻውን ከጦርነቱ ጋር የሚያወዳድር አይደለም ብሎ መለሰ። በዚህ ጥቂት ደቂቃ በተነሣው ጥያቄ ላይ ሊቃውንት ብዙ መጻሕፍት ጽፈዋል፤ ሥራ የሚመዘነው በወገኑ ሚዛን ነው ወይስ ለሁሉ አንድ በሆነ ሚዛን? ሁለቱ ሰዎች ግን የፍልስፍና ቃል ሳይጠቅሱ፥ በውሻ ምክንያት፥ ለአናጢውም ለአስተማሪውም በሚገባ ቋንቋ ተከራከሩበት። በ1986ም «ብሉ ቬልቬት» ስለ ተባለው ፊልም እንዲሁ ተለያዩ፤ ኤበርት በፊልሙ ውስጥ ተዋናይዋ ኢዛቤላ ሮሴሊኒ የደረሰባትን ውርደት ተመልክቶ ሠሪውን ሲነቅፍ፥ ሲስክል ፊልሙን አመሰገነ።

በ1996 የሆነው ግን ከዚህም ይልቅ ሊነገር የሚገባው ነው። «ብሮክን አሮው» የተባለውን ፊልም ሲስክል በመጀመሪያ ደግፎት ነበረ፤ ኤበርት ጉድለቱን አንድ በአንድ ሲዘረዝር ከሰማ በኋላ ግን በዚያው መድረክ፥ በዚያው ሰዓት፥ ፍርዱን ለወጠ። ሃያ ዓመት ያህል ሲከራከር የኖረ ሰው በባላንጣው ቃል ተረትቶ በሕዝብ ፊት ሐሳቡን ሲመልስ መታየቱ ብርቅ ነገር ነው፤ ክርክራቸው ለጨዋታ ብቻ እንዳልነበረም ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አይገኝለትም።

ሥልጣናቸውንም ለበጎ ያዋሉበት ጊዜ አለ። በ1981 ሉዊ ማል የሠራው፥ ሁለት ሰዎች በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ከመነጋገር በቀር ምንም የማይሠሩበት ፊልም፥ ተመልካች አጥቶ ከሲኒማ ቤት ሊወርድ በተቃረበ ጊዜ የሁለቱ ምሥጋና ደረሰለትና ለብዙ ወራት ታየ። በ1994ም ስለ ሁለት የቺካጎ ድኃ ወጣቶችና ስለ ቅርጫት ኳስ ተስፋቸው የተሠራውን «ሁፕ ድሪምስ» የተባለውን የእውነት ታሪክ ፊልም ገና የሚያከፋፍለው ሰው ሳይገኝ አንሥተው ተናገሩለት። በ1980 ደግሞ አንድ ዝግጅት በሙሉ ሰጥተው በዚያ ወራት የበዙትን፥ ሴቶች እየታደኑ የሚታረዱባቸውን ፊልሞች አወገዙ፤ በ1986ም በጥቁርና በነጭ የተሠሩትን የጥንት ፊልሞች ቀለም መቀባትን እንደ ርኩስ ሥራ ቈጥረው ተቃወሙ። በነዚህ ጊዜያት ሁለቱ አልተከራከሩም፤ ሁልጊዜ የሚጣሉ ሰዎች በአንድ ቃል ሲናገሩ ግን ሰሚው ይበልጥ ያምናል።

ዝግጅቱ በ1978 ወደ አገሩ ሁሉ ከተዳረሰ በኋላ፥ በ1982 ሁለቱ ከሕዝብ ጣቢያው ወጥተው ለንግድ ድርጅት ሠሩ፤ በ1986ም ወደ ዲዝኒ ኩባንያ ወገን ዞሩ። ያን ጊዜ ነው አውራ ጣት የመጣው። ፊልሙ ደግ ከሆነ አውራ ጣት ወደ ላይ፥ ክፉ ከሆነ ወደ ታች ሆነ። ይህን ምልክት ሕዝቡ የሮማ ቄሣሮች የወደቀውን ታጋይ ለማዳን ወይም ለማስገደል ያሳዩት ነው ብሎ ያስባል፤ ይህን አሳብ በሰው ልብ ያተመው ግን ዣን ሌዮን ዤሮም በ1872 የሣለው ሥዕል ነው፥ የሮማውያን ጣት ወደ የት ያመለክት እንደ ነበረም ሊቃውንት እስከ ዛሬ አልተስማሙበትም። የሆነ ሆኖ «ሁለት አውራ ጣት ወደ ላይ» የሚለው ቃል በሕግ ተመዝግቦ የሁለቱ ሀብት ሆነ፤ ፊልም ነጋዴዎችም በየጋዜጣውና በየግድግዳው በትልልቅ ፊደል ያትሙት ጀመር።

ለካህናት ነገሩ በቅኔ ምሳሌ በግልጽ ይታያል። በቅኔ ጊዜ ሰሚው ደስ ሲለው «ይበል!» ይላል። ይህ ቃል ከአውራ ጣቱ አይረዝምም፤ ነገር ግን ተናጋሪው ሰሙን ከወርቁ ለይቶ፥ ምሥጢሩን አግኝቶ የተናገረው ከሆነ ከባድ ነው። ተማሪውም ለዚህ የሚበቃው በየቀኑ የቈጠረውን ለመምህሩ በነገራ እያቀረበ፥ ሲሰበር እየተቃና ነው። ምሥጢሩ ያልገባው ሰው ጎረቤቱን ሰምቶ «ይበል» ሲል ግን ድምፁ ያው ነው፥ ክብደቱ ግን የለም። የቺካጎው አውራ ጣት መጀመሪያ የክርክሩ መደምደሚያ ነበረ፤ እየቈየ ክርክሩን ያልሰማው ሁሉ ጣቱን ብቻ ወሰደ። በ1990 ሪቻርድ ኮርሊስ የተባለ ሐያሲ ይህ ዓይነት ነገር የፊልም ሒስን ያጠፋዋል ብሎ በጽሑፍ ከሰሳቸው፤ ኤበርትም በጽሑፍ መለሰለት። ኮርሊስ ስለ ጣቱ እውነት ተናግሯል፤ ስለ ሁለቱ ሰዎች ግን ፈርዶ አጐደለ፥ ሰዎቹ በጣታቸው ብቻ የሚናገሩ አልነበሩምና። ከዚያ በኋላ የመጣው የባሰ ሆነ። በ1998 «የበሰበሰ ቲማቲም» የሚል ስም ያለው ሥራ ተጀምሮ የብዙ ሐያስያንን ቃል ሰብስቦ ከመቶ ስንት እንደሆነ በቍጥር ማስታወቅ ያዘ፤ በቍጥር ውስጥ ተቃውሞ ይቈጠራል እንጂ አይሰማም።

ሲስክል በ1998 የአእምሮ ዕጢ ተገኝቶበት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ከሆስፒታል አልጋው ሆኖ እንኳ በስልክ ይከራከር ነበረ። በየካቲት ወር 1999 በ53 ዓመቱ ዐረፈ። ኤበርት ሪቻርድ ሮፐር ከሚባል ሰው ጋር ከ2000 ጀምሮ ቀጠለ፤ እርሱም በካንሰር ምክንያት በ2006 ድምፁን ፈጽሞ አጣ። በአፉ የኖረ ሰው ከዚያ ወዲያ በእጁ ብቻ ጻፈ፥ ብዙም ጻፈ። የቀድሞው ዝግጅት በ2010 ተዘጋ፤ ኤበርትም ሚያዝያ 4 ቀን 2013 በ70 ዓመቱ ሞተ።

ሲስክል በተወለደበት በ1946 በጎንደር ኃይሌ ገሪማ ተወልዷል። ኤበርት በጋዜጣው ሥራ በጀመረበት ወራት ይህ ኢትዮጵያዊ ወጣት ቴአትር ለመማር ወደዚያችው ወደ ቺካጎ ከተማ ገባ፤ ኋላም ወደ ካሊፎርኒያ ተሻግሮ የፊልምን ሥራ ተማረ። በ1993 ስለ ባርነት የሠራውን «ሳንኮፋ» የሚያከፋፍለው የአሜሪካ ኩባንያ ባጣ ጊዜ፥ ራሱ ሲኒማ ቤት እየተከራየ በየከተማው ለጥቁር ሕዝብ አሳየው። ፊልሙም ከሰው ወደ ሰው በአፍ እየተነገረ ብዙ ተመልካች አገኘ። ይህ ደግሞ የሰገነቱን ወሰን ያሳያል፤ በሰገነቱ ላይ የሚከራከሩት ነጋዴው ወደ ሲኒማ ቤት ስላመጣው ፊልም ነበረ፥ በደጅ ለቀረው የሚሟገትለት አልፎ አልፎ ካልሆነ አይገኝም።

በኢትዮጵያ ራሷ ግን ፊልም ከመጀመሪያው ጀምሮ የተፈረደበት በሌላ መንገድ ነው። በአዲስ አበባ መጀመሪያ የተከፈተውን ሲኒማ ቤት ሕዝቡ «ሰይጣን ቤት» አለው። በዚያ ቤት የታዩት ፊልሞች ተረስተዋል፥ ስሙ ግን እስከ ዛሬ ይነገራል። ከሲኒማ አጠገብ ያለው ቴአትርም ከዚህ የተሻለ ፍርድ አላገኘም፤ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የአውሬዎች ተውኔት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ሹማምንትን ይነካል ተብሎ ተከለከለ እንጂ ስለ ጥበቡ የተከራከረበት አልነበረም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት «ሂሩት አባቷ ማነው?» የተባለው ፊልም ተሠራ፥ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ «ጉማ» ተከተለ። በንጉሡም በደርግም ዘመን ከፊልም ፊት የቆመው ዳኛ ሳንሱር ነበረ። ሳንሱር ምክንያቱን በአደባባይ የማይናገር ዳኛ ነው።

በ1990ዎቹ ዓ.ም. የቪዲዮ ካሜራ ረክሶ እንደ ቴዎድሮስ ተሾመ «ቀዝቃዛ ወላፈን» ያሉት ፊልሞች ሲኒማ ቤቱን በሞሉት ጊዜ ፍርዱ ወደ ሰልፉ ዞረ፤ በቦሌም ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በባለቤቱ ስም እንደ ሰየመው እንደ ዓለም ሲኒማ ያሉ ቤቶች ተከፈቱ። ሰልፉ የረዘመለት ፊልም ደግ ተባለ። ኋላም በ2006 ዓ.ም. በዚያው በ«ጉማ» ስም የተጠራው የፊልም ሽልማት ተጀመረ፤ ይህ የሚመሰገን ነው፥ ነገር ግን ሽልማት አሸናፊውን ይጠራል እንጂ ተሸናፊው በምን እንደ ተረታ አይነግርም። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን የውጭ አገር ድራማ በአማርኛ እያናገረ ማሳየት በጀመረ ጊዜም ከአገሩ ጥበበኞች ወገን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ የተቃውሞው ዋና ነገር ግን ገበያና ባህል ነበረ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በ2008 በቬኒስ፥ በ2009ም በዋጋዱጉ ተሸለመ፤ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» በ2015 ከኢትዮጵያ ፊልሞች መጀመሪያ ሆኖ በካን በዓል ተመረጠ። በነዚህ ሁሉ ፍርዱ ከባሕር ማዶ ተፈርዶ መጣ።

የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» ከሁሉ ይልቅ ነገሩን ያሳያል። ፊልሙ ስለ ጠለፋና ጠላፊዋን ስለ ገደለች አንዲት ልጅ የሚናገር ሲሆን በ2014 በአሜሪካ በሰንዳንስ በዓል የተመልካቾችን ሽልማት ተቀብሎ ወደ አገሩ ተመለሰ። ነሐሴ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባ እንግዶች ተጠርተው ሊመረቅ በተሰናዳበት ምሽት፥ የታሪኩ ባለቤት እኔ ነኝ ያለች ሴት ባቀረበችው አቤቱታ የፍርድ ቤት እግድ ደረሰና ሳይታይ ቀረ። እግዱ ኋላ ተነሥቶ ፊልሙ ለሕዝብ ታየ፤ በአደባባይ ጐልቶ የተሰማው ሙግት ግን ስለ ባለታሪኳ መብት የተነገረው የችሎቱ ሙግት ነበረ።